አንድ ክንዷ ያጠረ ብስክሌት

አጎቴን መጥላት የተማርኩት ከእናቴ ነው። ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ፊቴን ታጥቤ ሳላደርቅ፣ ግቢያችንን ለሁለት በከፈለው የቆርቆሮ አጥር ሥር።

«አንተ ሽቦ» ትላለች እናቴ፣ ቤት ውስጥ የተኛው አባቴ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያንን ሞረድህን አታሳርፈውም? በሽተኛ እንዳለ ጠፋህ? ወይስ የጀመርከውን ልትጨርስ ነው?»

ከአጥሩ ማዶ ሞረዱ ለአፍታ ዝም ይልና፣ «ጆሮሽን በጥጥ ድፈኚው እቴ» ይላል አጎቴ። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ ይላል ደግሞ። የገዛ ወንድሙን እግር የሰበረ እጅ ሥራ ይላል።»

«የአንቺ ምላስ እያለ እኔ ሞረድ መግዛቴ ነው የሚቆጨኝ።»

እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ እያንዳንዷን ቃል እለቅማለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቀለም አይገባትም የምባል ልጅ ነበርኩ፤ ይሄኛው ትምህርት ግን ገባኝ። አጎቴን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም። በሱቁ ደጃፍ ሳልፍ እተፋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠጠር በኪሴ ሞልቼ የጣራው ቆርቆሮ ላይ እበትንና ሮጬ ቤት እገባለሁ። ድሮ በትከሻው ተሸክሞኝ ገበያ የሚያዞረኝን ሰው፣ ስሙን ትቼ «ያ ሰውዬ» ማለት ጀመርኩ። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚለው።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው። ሽቦ ያሉት ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ያልተገኘን ዕቃ ሁሉ በሽቦ ስለሚተካ ነው የሚሉም አሉ። ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ግቢው የአያቴ ነው፤ አያቴ ሲሞት መሃሉ ላይ ቆርቆሮ ቆመና ወዲህ እኛ፣ ወዲያ እሱ ሆንን። አጥሩ ያን ጊዜ በር ነበረው። በሩን አባቴ በሚስማር ያስቸነከረው ከብስክሌት ከወደቀ በኋላ ነው።

አባቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ስድስት መቶ ቤት ይዞራል፣ በአያቴ ብስክሌት። ጥቁር፣ ከባድ፣ ከአባቴ ዕድሜ የምትበልጥ ብስክሌት ናት። አንድ ማክሰኞ ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማዋን የሚይዘው ሹካ ተሰነጠቀና ድንጋይ ላይ ጣለችው። ቀኝ ጉልበቱ ደቀቀ። ሹካውን የበየደው አጎቴ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁም፣ አጎቴ ራሱ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብየዳው የእኔ ነው» ሲል በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናንተም ብትሆኑ፣ ልጆቼ፣ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?

አባቴ ሰባት ወር ተኛ። የእግሩ ጄሶ ተፈቶ ጉልበቱ ሲወጣ፣ ትንሽ ይታጠፍና እንደተዘጋ በር ቀጥ ይላል። ክፍሉ የመታሻ ቅባትና የቆየ አንሶላ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የቆጣሪ መዝገቡ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። ሾርባ ስናመጣ ቀዝቅዟል ይላል፤ አሙቀን ስናመጣ አቃጠላችሁኝ ይላል። እናቴ ትራሱን ስታስተካክል፣ «ተይው፣ ቆሞ ለመሄድ ነው እንዴ የምታዘጋጂኝ?» ይላታል። እሷም አትተውለትም፤ «አንተማ አፍህ ቆሞ እየሄደ ነው» ትለዋለች። በዚያ ቤት ያን ሰሞን ለስላሳ ቃል የሰማሁ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን የሞረዱ ድምፅ ነበር። «ጥርሴን ነው የሚሞርደው ያ ሰውዬ» ብሎ ከዘራውን ግድግዳው ላይ ይደበድባል። ዛሬ ሳስበው አንድ ነገር ይገርመኛል። አባቴ የሚቆጣው ሞረዱ ሲሰማ ብቻ አልነበረም። ግማሽ ቀን ዝም ካለም፣ «ምነው፣ ያ ሰውዬ ዛሬ ሞተ እንዴ?» ብሎ ይነጫነጫል። ያን ጊዜ ሞቱን የተመኘለት መስሎኝ እኔም አብሬ ተመኘሁለት።

የተሰበረችው ብስክሌት ከጓሮአችን ግድግዳ ተደግፋ ዝናብ ይመታት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታዋ ላይ የዝገት ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«ብስክሌቷስ?» አልኳት እናቴን።

«ያ አጎትሽ ወስዶ ይቅበራት» አለችኝና ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ዞረች።

አጥሩ ላይ አንድ የሚስማር ቀዳዳ ነበረች፤ ዓይኔን ሳስጠጋባት ቅዝቃዜዋ ቅንድቤን ይነካኛል። በዚያች ቀዳዳ የአጎቴ ሱቅ ሙሉ በሙሉ ይታየኛል፤ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ የተገጠመበት ጠረጴዛ፣ እንደ አምባር የተንጠለጠሉ ካቴናዎች፣ በጣሳ በጣሳ የተለየ ብሎን። በመሃል ደግሞ የአያቴ ብስክሌት፣ ጎማዎቿ ወልቀው፣ በገመድ ከጣራው ተሰቅላ። እንደ በግ ሥጋ።

ለስድስት ሳምንት ያህል እያየሁት በለታት። የተሰበረውን ሹካ ጣለና ከቆራሌ የገዛውን ሌላ ሹካ አመጣ። እንዳይሰነጠቅ ውስጡ የብረት ቱቦ ሰካበት። ቱቦውን ያገኘው ከገዛ አልጋው እግር ነው፤ በመጋዝ ሲቆርጠው አይቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግቶ ነበር የሚተኛው። እሰይ፣ ደኸየ አልኩ። የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የጭቃ መከላከያ አወጣ። ከአሮጌ ሶፋ ሞላ ነቅሎ ለኮርቻዋ ሰጠ። የፍሬኗን እጀታ ከሞተ ሞተር ሳይክል ወሰደ። ከተጣለ ፍሪጅ መደርደሪያ ሽቦ ፈትቶ ከመሪዋ ፊት መዝገብ የሚይዝ ቅርጫት ጎነጎነ። ጎኗ ላይ ደግሞ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ ሁለት የብረት ቀለበት በየደ። እነዚያ ቀለበቶች ምን እንደሆኑ አልገባኝም።

ከሁሉ የባሰው ቀኙ የፔዳል ክንድ ነበር። ሞርሳው ላይ አሰረው፣ ከመሃሉ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳና የተረፈውን በመጋዝ ጣለው። ግራው ክንድ እንደ ድሮው ረጅም፣ ቀኙ የግራው ግማሽ። ጤነኛዋን ብስክሌት አንካሳ አደረጋት። አባቴን አንካሳ ማድረጉ አልበቃውም አልኩ።

ክንዱን ከመሃል ብረቷ ጋር የሚያስረው፣ አንድ ጎኑ እንደ ሽብልቅ የተሞረደ፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ብረት ነው። የድሮው ተበልቶ ስለነበር አዲሱን ከበር ማጠፊያ ሠራው። ሦስት ቀን ሞረደው። ያስገባዋል፣ ያወጣዋል፣ ወደ ብርሃን ይዞ ያየዋል፣ አንድ ሁለቴ ሞርዶ ደግሞ ያስገባዋል። በመጨረሻ ጫፉ ላይ ጥርስ አውጥቶ ትንሽ ዳዶ አጠበቀበት። አንዴ ደግሞ ሊያስተካክለው ፈልጎ ዳዶውን ፈታና ጫፉን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ክንዱ እንዳለ ላላ። ይህን በደንብ አየሁ። ክፉ ዓይን ነበረኝ ያን ጊዜ፣ የፈለገችውን ብቻ የምታይ።

ታዲያ ለማን ነው የሚሠራት? እሱን ያወቅኩት በጆሮዬ ነው።

አንድ ቀን የአባቴ አለቃ፣ ተቆጣጣሪው፣ በራችን ላይ ከእናቴ ጋር ቆሞ ያወራል። ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚያልበው፣ መሀረቡን ከእጁ የማይለይ ሰው ነው።

«መንገዱን ከወሩ መጨረሻ በላይ ባዶ ማቆየት አልችልም» ይላል። «አዲስ ሰው ተዘጋጅቷል።»

«በእግሩ ቢዞርስ?»

«በዚያ እግር ስድስት መቶ ቤት? ትቀልጃለሽ እንዴ? በሳይክል ከወጣ ወጣ። ካልወጣ መጋዘን ጥግ ይቀመጣል፤ እሱም ቦታ ከተገኘ ነው።»

በማግሥቱ አጎቴ ለአንድ ደንበኛው ሲናገር በቀዳዳዬ ሰማሁት። «ጎማህን ነገ ና ውሰድ። አዲሱ ሰውዬ ሳይመጣ ይቺን መጨረስ አለብኝ።»

በቃ። ለአዲሱ ሰውዬ ነው። የአባቴን መንገድ የሚወስደው ሰው በአባቴ ብስክሌት ሊሄድ ነው፤ የሚያዘጋጅለትም የአባቴን እግር የሰበረው ነው። ነገሩን አሰላሁትና ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። አዲሱ ሰውዬ ቀኝ እግሩ አጭር ነው ማለት ነው፤ ለዚያ ነው ክንዱ ያጠረው። በትርም ይይዛል፤ ቀለበቶቹ ለበትሩ ናቸው። ውሻና ሕፃን ይመታበታል። በየማዕዘኑ አንድ እግሩ አጭር የሆነ ሰው ስፈልግ ሰነበትኩ። አንድ ጫማ ሰፊ ሲያነክስ አይቼ እስከ ቤቱ ተከትዬዋለሁ፤ ለካ ሚስማር ወግቶት ነው።

ከዚያ የአባቴ ቀኝ ጫማ ጠፋ። ግራው አልጋው ሥር ቁጭ ብሏል፣ ቀኙ የለም። ወደ ቀዳዳዬ ሄድኩ። ጫማው አጎቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ፔዳል ታቅፎ ተቀምጧል። እየሮጥኩ ገባሁ።

«አባዬ፣ ያ ሰውዬ ጫማህን ሰረቀህ። በዓይኔ አየሁት።»

አባቴ ከትራሱ ቀና አለ። «የትኛውን?»

«ቀኙን።»

«ይስረቀው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «የማይታጠፍ እግር ጫማ ምን ያደርግለታል።»

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስለ እሱ አልቅሼ ወጣሁ። አሁን የእሱን ዕድሜ አልፌ ሳስታውሰው፣ ያ የሚያለቅስ ሰው ትከሻ አልነበረም። ቀኙን ካልኩት በኋላ ነው የተንቀጠቀጠው።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ እናቴን አገኘኋት። አባቴ እንቅልፍ ወስዶታል። እሷ ተንበርክካ ከዳሌው እስከ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ በክር ትለካዋለች፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ እያሰረች። አያቴ የሞተ ቀን አናጢው እንዲሁ በክር ሲለካው አይቻለሁ። በሩን ያዝኩ።

«ለምንድን ነው የምትለኪው?»

ደነገጠች። ክሩን ጡቷ ውስጥ ከተተችው። «ሱሪ ላሰፋለት ነው። ለማንም እንዳትናገሪ፤ አንቺ አፍሽ አያርፍም።»

አፌ እንደማያርፍ እውነት ነው፤ ለዚያ ነው ምንም ያልነገሩኝ። ግን ልጅም ብሆን ለሱሪ አንድ እግር ብቻ እንደማይለካ አውቃለሁ። አባቴ ሊሞት ነው አልኩ። ሁሉም አውቀዋል፣ ሁሉም ተዘጋጅተዋል፣ ብስክሌቷም ወራሽ ተገኝቶላታል። ከሱ ጎን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ጠዋት ስነሳ፣ ጓሮው ግድግዳ ላይ አንሶላ የለበሰ ነገር ተደግፏል። ገለጥ አደረግኩት። እሷ ናት። ቀለም ተቀብታለች፣ ጥቁር፣ እንደ ውሃ የሚያበራ። ቁንጅናዋ ይባስ አናደደኝ። አዲሱ ሰውዬ ሊረከባት እዚሁ ድረስ፣ አባቴ ዓይን ሥር ሊመጣ ነው አልኩ። አጎቴ የጎማ መንፊያ ሊያመጣ ወደ ሱቁ ለመመለስ በዋናው በር ሲወጣ ይታየኛል። እናቴ ቤት ውስጥ አባቴን ታለብሳለች።

ከአባቴ መሳቢያ ፒንሳ አመጣሁ። ዳዶው አልነቃነቅ አለኝ። በሁለት እጄ ይዤ፣ እግሬን ግድግዳ ላይ ተክዬ ሳብኩት። ነቃ አለ። ፈታሁት። ከዚያ ድንጋይ አንስቼ፣ እንዳየሁት፣ የሽብልቁን ጫፍ መታ መታ አደረግኩት። አንሶላውን መለስኩ። በሩ ሲጥ ሲል፣ የለበስኩት ቀሚስ ኪስ ስላልነበረው ዳዶውን አፌ ውስጥ ከተትኩት። የተቀባበት ግራስ መራራ ነው። ብረቱ ቀዝቃዛ፣ ምላሴ ሥር እንደ ጠጠር ተቀመጠ።

ተቆጣጣሪው መዝገብ በብብቱ ይዞ ግንባሩን በመሀረብ እየጠረገ ገባ። እናቴ አባቴን ደግፋ አወጣችው። የሥራ ካፖርቱን ለብሷል። ሁለቱም ጫማዎቹ ተጠርገዋል፤ የቀኙ ሶል ላይ ፔዳል የሚይዝ የጎማ ቁራጭ ተሰፍቶበታል። ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ ከሰባት ወር በኋላ ግቢያችንን የረገጠው ያን ጠዋት ነው። ሁለቱ አልተያዩም።

እናቴ አንሶላውን ገፈፈችው። ከዚያ ከአባቴ እጅ ከዘራውን ወሰደችና ሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ቀስ አድርጋ አሳለፈችው። ልክክ አለ።

«ለከዘራውም ቦታ አለው» አለች ለተቆጣጣሪው። «ቀኙ ክንድ ደግሞ ጉልበቱ በሚታጠፍበት ልክ ነው የተቆረጠው። ትንሽ ነው የሚዞረው።»

አዲሱ ሰውዬ አባቴ ነበር።

ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። ዳዶውን ተፍቼ፣ እንዳትወጣባት አባዬ፣ ማለት ነበረብኝ። ምላሴን ዳዶው ላይ ጫንኩት። አባቴ የወንበሩን ክንድ ይዞ ሊነሳ ሞከረ፤ ተወውና ቁጭ አለ። ወደ እናቴ ዞረ።

«ንገሪው» አላት። «ባለፈው የሞከራት በእኔ ነው። ዛሬ መጀመሪያ ራሱ ይውጣባት።»

አጎቴ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሟል። «ንገሪው» አለ እሱም። «ሳልነዳት ለሰው ሰጥቼ አላውቅም።»

«እናንተ ሰዎች ትሰማማላችሁ አይደል እንዴ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«እንሰማማለን» አለች እናቴ። «መስማማታችን ነው ችግሩ።»

ተመልከቱ እንግዲህ። አባቴን ከእኔ እጅ ያዳነው ጥላቻው ነው። ያን ክፉ ቃል ባይናገር ኖሮ እሱ ነበር የሚወጣባት፤ ያ ጉልበት ሁለተኛ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ነግሮን ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ብርድ ብርድ ይለኛል። ሌላም የማስበው አለ። አባቴ ወንበሩ ላይ ከቀረ በኋላም እኮ ጊዜ ነበረኝ። አጎቴ ብስክሌቷን እስኪያዞር፣ ሱሪውን እስኪሰበስብ። አልጮህኩም። ፈርቼ ነው እላለሁ። ግን ምናልባት፣ እሱስ ይውደቅ ያልኩ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

ወጣባት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ ረጅሙ ክንድ ሰፊ ክብ፣ አጭሩ ጠባብ ክብ እየሠራ ወደ በሩ ሄደ። በሦስተኛው ሽብልቁ ወጣ። ክንዱ እንዳለ ተሽከረከረ፣ እግሩ ባዶ ረገጠ፣ አጎቴም በመሪው ላይ ተወርውሮ በፊቱ ደፍ ላይ ወደቀ። ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ደሙ በአፍንጫው ጎን ወረደ።

ተቆጣጣሪው መዝገቡን ዘጋ። «በዚህ ነው ስድስት መቶ ቤት የሚዞረው?»

አጎቴ ከመሬት ቀና አለ። የወደቀውን ሽብልቅ አነሳና አየው። ቀጥሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። እጆቼን ወደ ኋላ ደበቅኩ። ለካ የጠቆረው እጄ ብቻ አልነበረም፤ ከንፈሬና አገጬም ጭምር ነው። ረጅም ጊዜ ያየኝ ይመስለኛል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ለተቆጣጣሪው። «ዳዶውን አላጠበቅኩትም። ቸኩዬ ነው።»

«ያንን ብረት አምጪው» አለ አባቴ።

እናቴ ሽብልቁን ወስዳ ሰጠችው። አባቴ ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳሰሰው፣ ወደ ብርሃን አዞረው። እሱም የአያቴ ልጅ ነው፤ ሞረድ ይዞ ነው ያደገው። ቀና ብሎ ወንድሙን ቀጥ አድርጎ አየው፣ በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ውሸታም» አለው። «ጥርሱ ምንም አልሆነም። የፒንሳ ጭረት አለበት። አንተ ደግሞ በሕይወትህ ዳዶ ሳታጠብቅ አልፈህ አታውቅም። ሁለተኛህ ነው።»

«ምኑ ነው ሁለተኛው?» አለ ተቆጣጣሪው።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መውደቄ ነው ጌታዬ» አለ አጎቴ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። «ትናንትም ወድቄ ነበር።»

ነገሩን ያወቅኩት እናቴ አርጅታ፣ እኔ ራሴ ልጆች ወልጄ ነው። አንድ ቀን ባቄላ ስንፈለፍል፣ የተለየ ነገር ሳይኖር፣ ነገረችኝ። አጎቴ ያቺን ሹካ ጊዜያዊ ብየዳ በይዶ፣ «ጋሼ፣ ሐሙስ አዲስ ሹካ ይመጣልኛል፤ እስከዚያ እንዳትነካት» ብሎት ነበር። አባቴ ማክሰኞ ይዟት ወጣ። ሠራተኛው መበላሸቷን እያወቀ ከወጣ፣ መሥሪያ ቤቱ አያሳክምም፣ ደመወዝም ያቆማል። አጎቴ በራችን ላይ ቆሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ያለው ለዚያ ነው። እናቴም በየጠዋቱ የምትሰድበው ወሬው እንዲታመን ነው፤ ክሩንም ጫማውንም በአጥሩ ሥር የምታቀብለው ያኔ ነበር፣ ስድቡ መሃል።

«አባትሽ ግን» አለችኝ ባቄላውን ሰፌድ ላይ እየጣለች፣ «መጀመሪያ ለቢሮ ብሎ ጀመረው፤ በኋላ ራሱ ያመነው መሰለኝ። ከሐሙስ ይልቅ ማክሰኞን መረጥኩ ከሚል፣ ወንድሜ ሰበረኝ ማለት ሳይቀለው አልቀረም። እኛ አፋችን ነበር የሚጠላው። አንቺ ግን ከልብሽ ነበር፣ ልጄ። አንዳንዴ ያስፈራኝ ነበር።»

እንግዲህ ያን ዓርብ አባቴ ሁለተኛህ ነው ሲለው ተቆጣጣሪው ፊት ነው። አንድ ቃል ቢጨምር ሁሉም ነገር ያበቃለታል። አልጨመረም። ከዘራውን ከቀለበቶቹ ሳበና ወደ እኔ ቀሰረው።

«አንቺ፣ ነይ።»

ሄድኩ።

«ትፊው።»

መዳፉን ዘረጋ። ዳዶውን ከምራቄ ጋር መዳፉ ላይ ተፋሁት። ተቆጣጣሪው ዓይኑ ፈጠጠ። «የምን ቤት ነው ይሄ?» አለ መሀረቡን እየፈለገ።

ይመቱኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ቆምኩ። ማንም አልመታኝም። አጎቴ መጣና የብሎን ቁልፍ ሰጠኝ፤ ከመዶሻው ጋር አጠገቤ ቁጢጥ አለ። የደሙ ጠብታ ጫማዬ ላይ ወረደ። «አንቺ ነሽ የፈታሽው፣ አንቺው ታስሪዋለሽ» አለ። ሽብልቁን መትቶ አስገባልኝ። አጠበቅኩት። እንባዬ ቁልፉ ላይ እስኪወርድ አጠበቅኩት። ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ሞከረው፤ አልዞረለትም።

«እጅ አላት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

አባቴ ወጣባት። ግራ እግሩ በሰፊው ይዞራል፣ ቀኙ በትንሹ፣ የሚያነክስ ሰው እርምጃ ይመስላል። አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ዘንበል እያለ ከበሩ ወጣ። ተቆጣጣሪው ተከትሎት እስከ መንገዱ ሄደ። እናቴ በሩን ይዛ ቆመች። ዳገቱን ወጥቶ ከዓይናችን ጠፋ። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ከላይ የዘይት ቆርቆሮው የጭቃ መከላከያ ሲንኳኳ ተሰማ፤ ቁልቁለቱን፣ ያንኑ ቁልቁለት፣ ፍሬን እየያዘ ወረደ።

«ሰኞ በሰዓቱ» አለ ተቆጣጣሪው፣ መዝገቡ ላይ ጽፎ። «አዲሱን ሰው ሌላ ቦታ እልከዋለሁ።» ወጣ።

አባቴ ላቡ በአገጩ እየወረደ፣ ከብስክሌቷ ሳይወርድ ግድግዳውን ተደገፈ። «ኮርቻው ከፍ ብሏል» አለ።

«ኮርቻው ልክ ነው» አለ አጎቴ። «አንተ ነህ ተኝተህ የወፈርከው።»

አባቴ ወርዶ በከዘራው እየተደገፈ ወደ እኔ መጣ። አገጬን ይዞ ፊቴን ቀና አደረገው። ወደ ቧንቧው ወሰደኝና ሳሙና አነሳ፤ ከንፈሬን ያሽ ጀመር። ግራሱ ይበልጥ ተስፋፋ።

«በሳሙና አይለቅም» አለ አጎቴ ከኋላው። «ላምባ ነው የሚያስፈልገው።»

«የሕፃን አፍ በላምባ? አብደሃል?»

«በጨርቅ ጫፍ ነዋ። ጠጪ በላት አላልኩም።»

«አንተ ዝም በል። ደምህን ጥረግ መጀመሪያ፣ ልጄ ላይ እያንጠባጠብክ ነው።»

«እንግዲያው ዘይት። የምግብ ዘይት አስቀድመህ፣ ከዚያ ሳሙና። አባታችን እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ዘይት አምጪ» አላት እናቴን።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ጭንቅላቴን ያዘልኝ፣ አባቴ በሌላ በኩል አገጬን። እየተሰዳደቡ አሹኝ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት አረፋው ገባብኝና አሳለኝ።

«አፍሽን ዝጊ» አለኝ አባቴ። «ገና እያጠብንሽ ነው።»